ጉርዛም በሰው ዓይን ያያል

ወርዲት ያን ቂም ተሸክማ ስትኖር ፀጉሯ ሸበተ። ቂሟ አንድ ነው፤ የወንድሟ የቃልዛር ስም አይጠራም። በሰንቆራ መንግሥት የሞተ ሰው ሁሉ ስሙ ይጠራል። ሌባውም ይጠራል፤ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውም ይጠራል። በየዓመቱ የጦር ውርወራ በዓል ሲደርስ፣ አፈ ጥሪ የሚባለው የንጉሡ ሹም አደባባዩ ላይ ካለው ድንጋይ ወጥቶ የወርዋሪውን አባቶች አንድ በአንድ ያነሣል፤ ሕዝቡም ከእያንዳንዱ ስም በኋላ «እያየንህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ለሰንቆራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም። ወደ ወርዲት ቤት ዘር ሲደርስ ግን አፈ ጥሪው አንድ ስም ይዘላል። ይዘልና በስሙ ቦታ ላይ ይተነፍሳል። ያችን ትንፋሽ ወርዲት በየዓመቱ ቆማ ሰማቻት፤ በየዓመቱም ጥርሷን ነክሳ ወደ ቤቷ ገባች።

ነገሩ የመጣው ከጉርዛም ነው። ሰንቆራ በጋርማ ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች አገር ናት። ከገደሉ ሥር ጉም ይነሣል፤ ጉሙ የነካው ማሳ አያፈራም፣ የነካው ከብት አይወልድም። ያንን ጉም ከአፋፉ እንዳያልፍ አግዶ የያዘው የንጋት ድንጋይ የተባለ፣ በመንግሥቱ ግንብ ላይ ቀን ከሌት የሚያበራ እንቁ ነበር። ጉርዛም ከገደሉ ወጥቶ ሰረቀው። አንገቱ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ፣ ክንፉ እንደ እርጥብ ቆዳ የከበደ አውሬ ነው። የራሱ ዓይን የለውም፤ ፊቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። የሚያየው በሰው ዓይን ነው። አተኩሮ የተመለከተውን ሰው ዓይኑን ይወስድበታል፤ የወሰደውም ዓይን በአንገቱና በጎኑ ላይ እንደ ጤዛ ተደርድሮ ይገለጣል፣ ይከደናል። እንቁውን ውጦ ከጉሮሮው በታች አስቀመጠው። አንድ ነገር አጥብቆ ሊያይ አንገቱን ሲዘረጋ ቆዳው ይሳሳና ብርሃኑ በዚያ በኩል ይወጣል። ሌላው አካሉ ብረት አይበሳውም፤ የሚወጋው እዚያች ላይ ነው።

ቃልዛር በዘመኑ አቻ ያልነበረው ወርዋሪ ነበር። ከሰማይ ከወደቀ ብረት የተሠራው ጦር ተሰጠው። አገሩ ሁሉ ሊያየው የጉርዛም ጎሬ ወዳለበት ተራራ ወጣ። ጥሪው ተጠራ፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እያየንህ ነው» አለ። ያ በሕፃንነቱ በራሪ ወፍ የሚመታ ክንድ ያን ቀን የሌላ ሰው ክንድ ሆነበት። ጦሩ አለት መታ። ጉርዛም በክንፉ ጠርጎ ወደ ገደል ጣለው፤ ከተመልካቹም ስንቱ ዓይኑን እዚያው ትቶ እየተመራ ቤቱ ገባ፤ የተረፉት ጦሩን አንሥተው ሸሹ። አገሩ ታዲያ ማንንም አልጠየቀም፤ ቃልዛርን ፈሪ አለው። ስሙም ከጥሪ ወጣ።

ሚስቱ ከሐዘኑ አልተነሣችም። ትታት የሞተችውን ጨቅላ፣ ሰልሚትን፣ ወርዲት ወሰደቻት። ወርዲት ቃጫ እየፋቀች ገመድ እየገመደች የምትኖር ሴት ናት፤ አላገባችም፣ ሰውም ቤቷ አይበዛም። ሕፃኗን ታቅፋ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ማለች። «በወንድሜ አጥንት፣ መቃብር በሌለው አጥንቱ፣ ይህች ልጅ ጦሩን ትወረውራለች። እኔም ሲያርፍ በዓይኔ አያለሁ። ያን ቀን ስሙን ይጠሩታል።»

ልጅቷ መቆም ስትጀምር ዱላ አስያዘቻት። ከቤቱ ኋላ ካለው ሾላ ላይ የገመድ ቀለበት ሰቅላ በዚያ ውስጥ አሳልፊ አለቻት። ስትስት አትቆጣትም፤ ታያታለች። ስታሳልፍም ታያታለች። ወደ በዓሉ አደባባይ አንድ ቀንም አልወሰደቻትም፤ የእነዚያ ሰዎች ዓይን ለእኛ ምናችን ነው ትል ነበር። ሰልሚት እንዲህ ሆና፣ ከአክስቷ በቀር ማንም ሳያያት፣ ነፋስ የሚያወዛውዘውን ቀለበት የማትስት ወጣት ሆነች።

እንቁው ከተሰረቀ ወዲህ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲቀርብ የኖረው ጉም አንድ ዓመት በቀትር ተነሣ። ግንቡን አልፎ ከተማው ውስጥ ገባ። በጉሙ ውስጥም ዓይኖች ተገለጡ፤ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ የሕፃን፣ የሽማግሌ። ዓይናቸውን በተራራው ላይ የተዉት ሰዎች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ ገጽታቸውን ወደ ጉሙ አዙረው፣ የሚያያቸው የራሳቸው ዓይን መሆኑን ያወቁ ይመስል አለቀሱ። ንጉሥ ኢያዝማር ወርዋሪ ፈለገ። ከበዓሉ አሸናፊዎች አንዱ ታመመ፣ አንዱ አገር ለቀቀ። ወርዲት የወንድሟን ልጅ እጇን ይዛ ግቢ ገባች።

ንጉሡ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። «ያንቺ ቤት አንድ ጊዜ አሳፍሮናል» አለ። «ዛሬ ደግሞ ለምን መጣሽ?»

«ያሳፈረው የእኔ ቤት ከሆነ የሚክሰውም የእኔ ቤት ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ይህች ሰልሚት ናት፤ የቃልዛር ልጅ። ጦሩን ይስጧት። አውሬውን ከጣለች የአባቷን ስም ያስጠሩልኝ። ሌላ የምጠይቅዎት የለም።»

ንጉሡ ልጅቷን ከራሷ እስከ እግሯ ተመለከታት። ከዚያ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «በአባቴ ዙፋንና በተሰረቀው ብርሃን እምላለሁ፤ ጉርዛም ከወደቀ የቃልዛር ስም በአደባባዬ ይጠራል። ነገር ግን ያልተጠራበት ውርወራ በሰንቆራ ሕግ ውርወራ አይደለም። አፈ ጥሪዬ ከእናንተ ጋር ይሄዳል።»

አፈ ጥሪው መዝገር ይባላል። ያረጀ፣ አንገቱን በጨርቅ የሚጠቀልል፣ ለጉሮሮው ማር ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ያችን ትንፋሽ ሲተነፍስ የኖረው እሱ ነው። ወርዲት በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ሰላም አላለችውም። ከተማውን ሲለቁ ብቻ፣ ዳገቱ ከባድ ነው፣ መተንፈሱን ግን እርስዎ ያውቁበታል አለችው። መዝገር ነገሩ ገብቶት የአንገቱን ጨርቅ ጠበቅ አደረገ።

አራተኛቸው ሃንዳር ነው፤ በገደሉ ላይ በተጋደመው አንድ ግንድ ጨው ተሸክሞ እየተሻገረ ልጆች ያሳደገ ጎልማሳ። መንገዱን ሊያሳያቸው መጣ። ብዙ ያወራል፤ ሰልሚትን የሚያስቃትም እሱ ብቻ ነበር። ግንዱን አትፈራም ወይ ብትለው፣ «ሰክሬም ተሻግሬዋለሁ፣ ሚስቴ አኩርፋኝም ተሻግሬዋለሁ» አላት። «ከሁለቱ የሚከፋው ኩርፊያው ነው፤ ስካርስ ይለቃል።»

ግንዱ ጋ ሲደርሱ ከሥር ያለው ጉም ጸጥ ብሎ ነበር። ሃንዳር ሴቶቹንና መዝገርን በየተራ በገመድ አስሮ፣ እጃቸውን ይዞ፣ እያወራ አሻገራቸው። ስንቃቸውን ሊያመጣ ተመለሰ። ስንቁን ተሸክሞ መሐል ላይ ሲደርስ ጉሙ ከፍ አለ። ዓይኖቹ ተገለጡ። ወደ እሱ ዞሩ።

ሃንዳር ወሬውን አቆመ። ቆመ።

መዝገር ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው በጭንቅ ሲቆም የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ እሱን ሰጠው። አንገቱን ፈትቶ፣ ያንን ግንብ የሚያስተጋባ ድምፁን አውጥቶ ጠራ። «ሃንዳር የገልማ ልጅ፣ ገልማ የወርቃስ ልጅ፣ እያየንህ ነው።»

ሃንዳር ወደ እግሩ ተመለከተ። በሕይወቱ ሲራመድ እግሩን አይቶት አያውቅም ነበር። ቀኙን አነሣና የት እንደሚያሳርፈው አሰበ፤ አስቦ አሳረፈው፤ ግራውን ሊያነሣ ሲያስብ ቀኙ የእሱ አልመሰለውም። እንደ ገና መራመድ እንደሚማር ሕፃን ተንገዳገደ። ሲወድቅ እንኳ አልጮኸም፤ ግራ የተጋባ ፊት ነበረው። ጉሙ ተቀበለውና ተመልሶ ወረደ።

ሦስቱ ዳገቱን ያዙ። ስንቁም ከእሱ ጋር ሄዷል። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ሰልሚት፣ እግሩን ባያይ ኖሮ ይሻገር ነበር አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ወርዲት ግን እዚያው ቀጥ ብላ ቆመች። ወንድሟ ፈሪ እንዳልነበረ ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ ታዲያ ምን እንደነካው አታውቅም ነበር። አሁን አወቀች። ወደ መዝገር ሄዳ የልብሱን አንገት ጨብጣ ይዛ፣ ስሙን የቀማኸው አንሶ ክንዱንም የቀማኸው አንተ ነህ አለችው፤ እርስዎ ማለቱን ተወችው። ሽማግሌው ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከዚያ የጠራቸው ሰዎች ሁሉ፣ በአደባባዩ ጦር ጨብጠው ሲንቀጠቀጡ ያያቸው፣ ልባቸው ስለሞላ ነው ብሎ የሚያስብላቸው፣ ፊታቸው መጣበት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ማሩን ከጉያው አውጥቶ ወረወረው።

በተራራው ሥር ሰልሚት እጇን ለማፍታታት አንድ ጉቶ ላይ ወረወረች። ሳተች። እንደ ገና ወረወረች፤ እንደ ገና ሳተች። ጦሩን አንሥታ ሦስተኛ ሳትወረውር ቀረች።

ወርዲት ቀረብ ብላ ያ አውሬ ገና ሳያይሽ ነው እንዴ የምትፈሪው አለቻት።

«እሱን አይደለም» አለች ሰልሚት። ለረጅም ጊዜ ጦሩን በእጇ አገላበጠች። «አክስቴ፣ ክፉ አይምሰልሽና አንድ ነገር ልንገርሽ። ስወረውር ራሴን አየዋለሁ። ክርኔን፣ ወገቤን፣ እግሬ የት እንዳለ። የማየው ግን በእኔ ዓይን አይደለም፤ በአንቺ ነው። ሾላው ሥርም እንደዚያው ነበር። እዚያ ቀለበቱን ብስት ነገ አለ። እዚህ ግን ብስት አባቴን ሁለተኛ ጊዜ ልገድልብሽ ነው።»

ወርዲት ተቆጣች። ያሳደገቻትን፣ ያልበላችውን፣ ያላገባችውን ሁሉ ቆጠረችባት። ይህን ያህል ዘመን የደከምኩት ለማን ነው አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ወርዲት ራቅ ብላ ተቀመጠችና፣ ስትናደድ እንደምታደርገው፣ ከወገቧ ቃጫ ፈትታ መግመድ ጀመረች። የሃንዳር ፊት አልሄድላት አለ። እስኪ እኔስ ብላ ዓይኗን ወደ ጣቶቿ ጣለች፤ የትኛው ጣት ይቀድማል፣ የትኛው ይከተላል እያለች። ገመዱ ተተበተበ። ፈትታ እንደ ገና ጀመረች። ተተበተበ። ከልጅነቷ ጀምሮ በጨለማ ስትገምደው የኖረችው ገመድ ነው። የተተበተበውን ነገር በእጇ ይዛ ብዙ ተቀመጠች።

ሲነጋ የጉርዛም ጎሬ ካለበት ድንጋያማ ሜዳ ወጡ። ሣር የለም፤ ወፍ የለም። አውሬው በአለቱ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። የእግራቸውን ድምፅ ሲሰማ ልሙጥ ፊቱን አነሣ፤ በአንገቱ ላይ ያሉት ዓይኖች ከላይ እስከ ታች ተገለጡና ሦስቱንም ተመለከቱ። ሰልሚት ላይ ቆዩ። እሷ ጦሩን ጨብጣ ቆመች። ትከሻዋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጉልበቷ ሲደርቅ ወርዲት አየች። ወርዲት ስታያት ደግሞ አንዱ ጥንድ ዓይን በአውሬው አንገት ላይ ሰፋ፤ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያበራው እሱ ሆነ። ዓይኗ ገና ያልተወሰደ ቢሆንም፣ ልጅቷን ስታይ የኖረችበት የራሷ እይታ ነበር።

መዝገር ተጠጋት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው። «እመቤቴ፣ ሕጉ ይጠራ ይላል። ከጠራሁ ግን የማስቀር ስም የለም። ዛሬ፣ እዚህ፣ በሞተበት ቦታ ቃልዛርን ልጥራው። ይፍቀዱልኝ። ዕዳዬን ልክፈል።»

 ወርዲት ይህን ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ቦታ፣ ልጁ ጦር ይዛ ቆማ። ስሙ ቢጠራ ተራራው ሁሉ ይሰማው ነበር። ሰልሚትም ትሰማው ነበር።

«አይጥሩት» አለች።

«እመቤቴ...»

«አይጥሩት አልኩ። ዓይንዎን እንደ ጨፈኑ ፊትዎን ወደ አለቱ ያዙሩ። ንጉሡ ሲጠይቅዎት ሕጉን ያፈረሰችው ወርዲት ናት ይበሉ።»

ከዚያ ወደ ሰልሚት ሄደች። ፊቷን አላየችውም፤ እያየች መናገር አልፈለገችም። «ልጄ፣ አባትሽን ተዪው» አለቻት። «እኔንም ተዪኝ። ያ አውሬ አንገቱን ሲዘረጋ ብርሃኑ ይወጣል። የብርሃኑ ጠርዝ ምን ቀለም እንዳለው ደኅና አድርገሽ ተመልከቺልኝ። ኋላ ትነግሪኛለሽ። ሌላ ሥራ የለሽም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ወዲያ ልሄድ ነው። ጀርባዬን ነው የምታዪው። ከዚህ በኋላ አላይሽም።»

መሐረቧን አስተካክላ ወደ ጉርዛም መራመድ ጀመረች። አውሬው ለአፍታ ግራ ገባው፤ ሰዎች ከእሱ ይሸሹ ነበር እንጂ ወደ እሱ አይሄዱም። ወርዲት ቀና ብላ ልሙጥ ፊቱን አተኩራ ተመለከተችው። ያን ሁሉ ዘመን በአንዲት ልጅ ላይ የጣለችውን እይታ ሙሉውን ወደ እሱ አዞረችው። ጉርዛም እንዲህ ያለ እይታ ቀምሶ አያውቅም ነበር። ረሃቡ ሁሉ ተነሣበት። ሌላውን ሁሉ ተወው፤ ዓይኖቹ ከሰልሚት ላይ አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

ያኔ ወርዲት ራሷን አየችው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ በሰው ሁሉ ዓይን። ከንፈሯ የተጨማደደ፣ ትከሻዋ የጎበጠ፣ የሰው ደስታ የሚያማት አንዲት ሴት። እግሯ እንደ ሃንዳር እግር ባዕድ ሆነባት። ወደቀች። በጉልበቷ ሆና እንኳ ፊቷን ከእሱ አላዞረችም። ከኋላዋ እግር ጠጠር ላይ ሲረግጥ ሰማች፤ ሰልሚት ለውርወራ ስትቆም የምትረግጠው አረጋገጥ ነው። ዞር ብላ ልታይ አንገቷ ጎተታት። ሲያርፍ በዓይኔ አያለሁ ብላ ምላለች። አንዴ ብትዞር ያ ሁሉ ዓይን አብሯት ይዞራል።

አልዞረችም። መሐላዋን አፈረሰች።

ጉርዛም አንገቱን ዘረጋ፤ እስከ ፊቷ ድረስ አደረሰው። ዓይኗ ከሥሩ ሲነቀል እንደ ጋለ ብረት ነበር። መጨረሻ ያየችው የሳሳ ቆዳና በውስጡ የሚመታ ብርሃን ነው። ከዚያ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር በጆሮዋ አጠገብ ነፋስ እየቀደደ አለፈ። ድምፁም፣ እርጥብ ሸክላ ላይ ሹል እንጨት ሲሰካ እንደሚሰማው ያለ፣ አጭር ነበር። ምድሩ ተንቀጠቀጠ። አውሬው በሰው ሁሉ ድምፅ ጮኸ፣ ቀጥሎ በአንድ ሰው ድምፅ፣ ቀጥሎ ጸጥ አለ።

ሰልሚት ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። እያለቀሰች፣ አረንጓዴ ነበር፣ ጠርዙ አረንጓዴ ነበር አለቻት፤ ወደ ጫፉ ሲደርስ ደግሞ እንደ ገብስ ይነጣል። ስትወረውር ስለ እጇ አንድም አላሰበችም፤ ጦሩ መቼ እንደ ሄደ እንኳ አላወቀችም። ወርዲት የልጅቷን ፊት በእጇ ዳሰሰችው። እርጥብ ነበር፤ የደነደነ ነገር ግን አልነበረበትም።

እንቁውን ከአውሬው ጉሮሮ አውጥተው በመዝገር መጎናጸፊያ ጠቀለሉት። በጎኑ ላይ የነበሩት ዓይኖች ግን ለባለቤቶቻቸው አልተመለሱም፤ እንደ ጤዛ ደረቁ። ጉሙም ቢሆን ወዲያው አልሄደም። እንቁው ባለፈበት መንገድ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እየከበደ፣ ያኮረፈ እየመሰለ ይወርድ ነበር።

ሲመለሱ ሰልሚት አክስቷን በትከሻዋ አስይዛ ትመራታለች። መዝገር ከኋላ ይከተላል። ንጉሡ ምሏል፤ ስለዚህ የቃልዛርን ስም በአደባባዩ ሦስት ጊዜ፣ ከሁሉ አስበልጬ እጠራዋለሁ እያለ ይለፈልፋል። ወርዲት እንደ ፈቃድዎ አለችው። ጆሮዋን አልሰጠችውም። የምታስበው ሌላ ነበር። ይህች ልጅ ስለ አባቷ የምታውቀው አንድ ውርወራ ነው፤ እሱም የሳተው። ሌላ ነገር ነግራት አታውቅም። ሾላው ሥር ስንት ጊዜ ተቀምጠው፣ ስንት ማታ ከአንድ ገበታ በልተው፣ ቂሟን እንጂ ወንድሟን አልሰጠቻትም።

ትንሽ ሄዱ። መንገዱ ከጠጠር ወደ ለስላሳ አፈር ሲቀየር ወርዲት በእግሯ አወቀችው።

«አባትሽ እንቁራሪት ይፈራ ነበር» አለች።

ሰልሚት መራመዷን አቆመች። «ምን?»

«እንቁራሪት። ዘንዶ አይፈራም፣ ጅብ አይፈራም። እንቁራሪት ሲያይ አልጋ ላይ ይወጣል። አንድ ክረምት በጫማው ውስጥ ከትቼበት እናታችን በዱላ አባረረችኝ።» ልጅቷ ከእጇ ሥር ስትንቀጠቀጥ ተሰማት፤ እየሳቀች መሆኗን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። «ሂጂ እንጂ፣ እየተራመድሽ ስሚ። ሲዘፍን ደግሞ አህያ ይደነግጥ ነበር...»

ከልጅነቱ ጀምራ ነገረቻት።